አረንጓዴው የት ገባ? ለጀማሪ የሚሆን የበረዶ ቁልቁለት አመራረጥ

ስዊዘርላንድ፣ ኦስትሪያ ወይም ደቡብ ጀርመን ያደጋችሁ አንባቢዎች ያንን ወረቀት ሳታውቁት አትቀሩም። ብርዱ ሲጀምር ከትምህርት ቤት ይመጣል። ክፍሉ ለአንድ ሳምንት ወደ ተራራ ሊሄድ ነው፤ ወላጅ ይፈርም ይላል። እናትና አባት ወረቀቱን ያገላብጡታል። “እግሩ ቢሰበርስ?” “ብርዱስ?” ይባላል። ከብዙ ክርክር በኋላ ይፈረማል። ልጁም ሄዶ፣ ወድቆ፣ ተነስቶ፣ የበረዶ ሸርተቴ ተምሮ ይመለሳል።

ዓመታት ያልፉና ነገሩ ይገለበጣል። ያ ልጅ አድጎ ሥራ ይይዛል። አንድ ቀን “ዘንድሮ ሁላችንም አብረን ወደ ተራራ እንሂድ” ይላል። በሁሉም ቦታ እጃችንን ይዘው የመሩን ወላጆች በበረዶ ላይ ግን እኛን ይከተላሉ።

ጀማሪ ሰው የሚንሸራተትበትን ቦታ ራሱ አይመርጥም። የቱ ቀላል፣ የቱ ከባድ እንደሆነ አያውቅማ። የሚመርጥለት ይዞት የሄደው ሰው ነው። ምርጫው ከተበላሸ ጉልበት ሊጎዳ ይችላል። ባይጎዳ እንኳ ሰውየው ፈርቶና አፍሮ “ይሄ ለእኛ አይደለም” ብሎ ይመለሳል። አንድ የማውቀው ሰው ሚስቱን በመጀመሪያው ቀን ከፍ ወዳለ ቦታ ይዟት ወጣ። ካርታው መንገዱን ቀላል ይለዋል። ነገር ግን ጠባብ ነበር፤ በአንድ በኩል ደግሞ ገደል አለው። እሷ ስኪዋን አውልቃ፣ በትከሻዋ ተሸክማ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ ወረደች። ይህ ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል። ዛሬም እነሱ ቤት ስለ በረዶ አይወራም።

ባለፈው ጥር እኔም ቤተሰቤን የመምራት ተራ ደረሰኝ። የምኖረው ሙኒክ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ እዚያው ቀረሁ፤ በረዶ ላይ መንሸራተትም የተማርኩት ያኔ በተማሪነቴ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበር። እህቴ ደግሞ ከነባሏና ከሁለት ልጆቿ ከቨርጂኒያ መጣች። ከስድስታችን አራቱ ስኪ በእግራቸው አስረው አያውቁም። የእህቴ ባል አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞክሯል። ገና ሳይመጡ የቦታውን ካርታ ላኩለት። ወዲያው ደወለ።

“አረንጓዴው የት ገባ?” አለኝ። “ሰማያዊና ቀይ ብቻ ነው የማየው። ለጀማሪ የሚሆን የለም እኮ!”

ጥያቄው ትክክል ነው። ቤተሰባችን በየአገሩ የተበተነ ስለሆነ ደግሞ ብዙዎቻችሁን የሚነካ ነው።

ቀለሙ ምን ይላል?

በአሜሪካ ቀላሉ መንገድ በአረንጓዴ ክብ ይታወቃል። ቀጥሎ ሰማያዊ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ጥቁር ዳይመንድ ይመጣል። በፈረንሳይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር ይባላል። በኦስትሪያ፣ በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በጣልያን ግን በአብዛኛው አረንጓዴ የሚባል የለም፤ ከሰማያዊ ይጀመራል። ስለዚህ የእህቴ ባል ካርታ ላይ ያየው ሰማያዊ እሱ የሚያውቀው መካከለኛ መንገድ አይደለም፤ ቀላሉ ነው።

በተቃራኒው ሲሆን አደጋው ይብሳል። ኦስትሪያ ውስጥ ሰማያዊ ላይ የተማረ ልጅ ዘመድ ሊጠይቅ አሜሪካ ይሄዳል። ኮሎራዶ ውስጥ ሰማያዊ ምልክት ሲያይ “ይሄንንማ አውቀዋለሁ” ብሎ ይገባበታል። እዚያ ሰማያዊ ማለት የጀማሪ መንገድ አይደለም። በዚያ ላይ በአሜሪካ ደረጃው የሚሰጠው በዚያው ቦታ ካሉት ሌሎች መንገዶች ጋር እየተነጻጸረ ነው። አንዱ ተራራ ላይ ሰማያዊ የተባለው ሌላው ዘንድ ጥቁር ሊሆን ይችላል።

በጀርመንና በኦስትሪያ ደንቡ በቁጥር ነው። ሰማያዊ መንገድ ከ25 በመቶ በላይ ማዘቅዘቅ የለበትም፤ ቀይ ደግሞ ከ40 በመቶ። ከ40 በላይ የሆነው ጥቁር ይባላል። 25 በመቶ ማለት ወደ ፊት 100 ሜትር ስትሄዱ ወደ ታች 25 ሜትር ትወርዳላችሁ ማለት ነው። በዲግሪ ሲለካ 14 ገደማ ነው። 40 በመቶ 22 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። 100 በመቶ ሲባል ቀጥ ያለ ግድግዳ የሚመስላቸው አሉ፤ ግድግዳ አይደለም፣ 45 ዲግሪ ነው።

ደንቡ ውስጥ ግን አንድ ቀዳዳ አለ። ገላጣ በሆነ ቦታ ላይ አጭር ክፍል ከተባለው ቁጥር ሊያልፍ ይችላል። ጎበዝ ሰው ያቺን አጭር ክፍል አያስተውላትም። ጀማሪ ግን ቀኑን ሙሉ የሚያስታውሰው እሷን ብቻ ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ይህ ነገር ለእኔ እንግዳ አይደለም። አንድን ሥርዓት ስንፈትሽ “በአማካይ ስንት ሰው ይጠቀምበታል?” ብለን አናቆምም፤ በጣም የሚጨናነቅበትን ደቂቃ እንፈልጋለን። ቁልቁለትም እንደዚያው ነው። 800 ሜትር የሚረዝም፣ ከላይ እስከ ታች 120 ሜትር የሚወርድ መንገድ አለ እንበል። አማካዩ 15 በመቶ ነው፤ ደግ መንገድ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው 700 ሜትር በ10 በመቶ፣ የመጨረሻው 100 ሜትር ደግሞ በ50 በመቶ የሚወርድ ሊሆን ይችላል። ስሌቱ ያው 120 ሜትር ነው። ጀማሪው 700 ሜትር ደስ ብሎት ይመጣና ከዚያች 100 ሜትር አናት ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ እኔ መንገድን የምመርጠው በቀለሙ ወይም በአማካዩ ሳይሆን በጣም ከባድ በሆነችው 100 ሜትር ነው።

ይህን ለማየት ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። የበረዶ ቦታዎች ካርታ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሥዕል የተሣለ ስለሆነ ያታልላል፤ ተራራውን አንድ ፊት ላይ ለማሳየት ሲባል ርቀቱና ዳገቱ ይጣመማል። ስልካችሁ ላይ ባለ ተራ የተራራ ካርታ አስተያዩት። የከፍታ መስመሮቹ ሲራራቁ ቦታው ለጥ ያለ ነው፤ ሲጠጋጉ ቁልቁለቱ ይበረታል። መስመሮቹ አንድ ላይ የተጨናነቁበትን ቦታ ፈልጉ፤ ጀማሪ ይዛችሁ እዚያ አትሂዱ።

ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ነገር አያለሁ። አንደኛው ስፋቱ ነው። ጀማሪ የሚወርደው ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተጠማዘዘ ነው፤ ለመጠምዘዝ ደግሞ ቦታ ይፈልጋል። በተራራው ጎን ተቆርጦ የተሠራ ጠባብ መንገድ ብዙም ሳያዘቀዝቅ ሊያስፈራ ይችላል፤ የጓደኛዬን ሚስት ያስለቀሳት እንዲህ ያለው ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ነው። መንገዱ ሲያልቅ ሜዳ ካለ፣ ወይም ትንሽ ወደ ላይ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ማቆም የማያውቅ ሰው እንኳ በራሱ ይቆማል። ይህን ያወቀ ሰው ፍርሃቱ ግማሽ በግማሽ ይቀንሳል። በእኔ ግምት የመጀመሪያው ቀን ቦታ ከ10 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ መጨረሻውም ሜዳ። 25 በመቶ የሆነ ሰማያዊ የሦስተኛው ወይም የአራተኛው ቀን ጉዳይ ነው።

ስም አያታልላችሁ

የቦታ ዝና ስለ ጀማሪ ምንም አይነግራችሁም፤ በሁለቱም በኩል። ማየርሆፈን የሚባል የኦስትሪያ ከተማ አለ፤ 630 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሰው ስሙን የሚያነሣው ሐራኪሪ በሚባለው ቁልቁለት ነው፤ 78 በመቶ ያዘቀዝቃል፣ 38 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ይህን የሰማ ሰው እናቱን ይዞ ወደዚያ ለመሄድ አይደፍርም። ነገር ግን ሐራኪሪ ያለው ፔንከን በሚባለው ተራራ ላይ ነው። ከሸለቆው ወዲያ ማዶ አሆርን የሚባል ሌላ ተራራ አለ፤ አናቱ ሰፊና ፀሐያማ ነው፣ ለጀማሪዎችና ለልጆች የተመቸ። አንድ ከተማ፣ ሁለት ተራራ።

የፈረንሳዩ አልፕ ዱዌዝም እንዲሁ ነው። 16 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሳሬን የሚባል ጥቁር መንገድ አለው። ከመንደሩ በላይ ግን ሰፋፊ አረንጓዴ መንገዶች ተዘርግተዋል፤ ጀማሪ ከማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ይማራል።

እኛ የመረጥነው ጣልያን ውስጥ፣ ደቡብ ቲሮል ያለውን አልፔ ዲ ሲውሲን ነው። በጀርመንኛ ዛይዘር አልም ይባላል። በዶሎማይት ተራሮች መካከል ያለ አምባ ነው፤ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአውሮፓ ትልቁ የከፍታ ላይ ግጦሽ መሬት። በበጋ ላም ይግጥበታል፤ በብርድ ወራት በረዶ ይለብሳል። ግጦሽ መሬት መሆኑ ነው ዋናው ነገር። ላም የሚግጥበት ቦታ ገደል አይሆንም። መንገዶቹ በአብዛኛው ሰማያዊና ቀለል ያለ ቀይ ናቸው። ኮምፓች በሚባለው መግቢያ ላይ፣ ጎንዶላው በሚያወርድበት አካባቢ፣ የመለማመጃ ሜዳዎች አሉ።

እናቴ ስለ ቦታው መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ከፍታው ነበር። “ልቤ ይችለዋል?” አለች። ኮምፓች 1850 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ። “እማዬ፣ ከቤትሽ ወርደሽ ነው የምትመጪው” አልኳት። አላመነችኝም፤ ስልኬን ተቀብላ ቁጥሩን ራሷ አየች። ከፍታ ብቻውን በረዶ አያመጣም፤ ከምድር ወገብ መራቁ ነው ልዩነቱ። በነገራችን ላይ በአማርኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውም፣ እንደ ጥጥ የሚወርደውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውም “በረዶ” ነው። እናቴ በልጅነቷ የምታውቀው ጣራ የሚደበድበውን ነው። በማግስቱ ጠዋት መስኮት ስትከፍት “ይሄ ድምፅ የለውም” ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

የምትወጡበትን ሳታውቁ ስለምትወርዱበት አታስቡ

ብዙ ሰው ቁልቁለቱን ያጠናና ዳገቱን ይረሳል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚወድቀው ሲወርድ አይደለም፤ ሲወጣ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ተንቀሳቃሽ ምንጣፍ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቆማችሁ የሚወስዳችሁን መንገድ አስቡት፤ ያው ነው። ስኪያችሁን እንዳሰራችሁ ትቆማላችሁ፣ እሱ ያወጣችኋል። ጎንዶላም ቀላል ነው፤ በገመድ ላይ የሚሄድ ዝግ ሳጥን ስለሆነ ስኪ አውልቆ መግባትና መቀመጥ ብቻ ነው። ወንበር ሊፍት ትንሽ ድፍረት ይጠይቃል፤ ከመሳፈራችሁ በፊት ጀማሪ መሆናችሁን ለሠራተኛው በምልክት አሳዩት፣ ብዙ ጊዜ ያዘገዩላችኋል። ከባዱ ጎታች ሊፍት ነው። ከላይ በገመድ የተንጠለጠለ ብረት ከኋላችሁ ይዞ፣ ቆማችሁ እያላችሁ ይጎትታችኋል። መቀመጫ ይመስላል፤ መቀመጫ አይደለም። የተቀመጠበት ሁሉ ይወድቃል። የወደቀ ሰው ብረቱን ለቆ ከመስመሩ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ከኋላ ሌላ ሰው እየተጎተተ ነው።

ስለዚህ አንድን መለማመጃ ቦታ ስትመርጡ ምን ዓይነት ሊፍት እንዳለው ካርታው ጥግ ላይ ያሉትን ምልክቶች ተመልከቱ። ምንጣፍ ያለበት ቦታ ጀማሪ ታስቦበት የተሠራ ነው።

ወደ ቤት መመለሻውም የምርጫው አካል ነው። በብዙ ቦታ ከተራራው ወደ ሸለቆው መንደር የሚወርድ ረጅም መንገድ አለ። ቀኑ ሲመሽ ሁሉም በእሱ ይጎርፋል። በረዶው ቀኑን ሙሉ ተፍቆ ደርቋል፤ ሰው ደክሟል፤ ብርሃኑም ቀንሷል። የበረታውም የደከመውም አንድ መንገድ ላይ ይገናኛል። ጀማሪ በዚያ ሰዓት እዚያ ምንም ሥራ የለውም። በጎንዶላ የሚወረድበት ቦታ ምረጡ፤ በጎንዶላ መውረድም ነውር እንዳልሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። የእህቴ ባል በሁለተኛው ቀን “እኔ በስኪ ልውረድ” ብሎ ነበር። እህቴ አንዴ አየችው። በጎንዶላ ወረደ።

ዘመድ አስተማሪ አይሁን

ቦታው ከተመረጠ በኋላ ትምህርቱን ለባለሙያ ተዉት። እኔ መንሸራተት እችላለሁ፤ ማስተማር ግን ሌላ ሙያ ነው። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት በረዶ ላይ ሲማማሩ ንግግሩ ቶሎ ስለ ስኪ መሆኑ ይቀርና ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። የቡድን ትምህርት ከግል ትምህርት ይረክሳል። በትልልቆቹ ቦታዎች በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ማግኘት ከባድ አይደለም።

አስተማሪዎች ለልጆች ሁለት ቃል ያስተምራሉ፤ “ፒዛ” እና “ድንች ጥብስ”። ፒዛ ሲባል የስኪዎቹን የፊት ጫፍ አቀራርቦ ኋላውን መክፈት ነው፤ ያዘገያል፣ ያቆማል። ድንች ጥብስ ሲባል ሁለቱን ጎን ለጎን ትይዩ ማድረግ ነው፤ ያስኬዳል። እናቴ መለማመጃው ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ስታይ ቆየች። ከትንሹ የእህቴ ልጅ ጋር ያን ሰሞን ፊደል እየቆጠሩ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጁ ለውኃ ሲመጣ ጠብቃ፣

“ምን ፒዛ ያስፈልጋል? ይሄማ ‘ለ’ ነው” አለችው።

አየነው፤ እውነቷን ነው። ላይ የተገናኘ፣ ታች የተከፈተ። ቁርጥ “ለ”። ትይዩው ደግሞ “በ” ሆነ። ልጁ ግን ዝም ብሎ አይቀበልም። “‘በ’ ላይ ክዳን አለ፤ ስኪ ክዳን የለውም” ብሎ ተከራከራት።

“ክዳኑ አንተ ነህ” አለችው።

ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሜዳው ላይ ሌላ ቋንቋ አልነበረም። እህቴ ፍጥነት ሲጨምርባት ትልቋ ልጇ ከታች ሆና “እማዬ፣ ለ! ለ በዪ!” ትላለች። አስተማሪያቸውም በሦስተኛው ቀን “ለ!” ማለት ጀመረ። እናቴ ስኪ አላሠረችም፤ ማንም እንድታሥር አልጠየቃትም። ነገር ግን ማታ ራት ላይ የየሰዉን “ለ” እየነቀፈች ያለችው እሷ ነበረች። የእህቴ ባል “ለ” ጠባብ ነው ተባለ።

ይህ ዘዴ ግን የሚሠራው ቦታው ገር ሲሆን ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሲበረታ “ለ” የሰውን ክብደት አይዝም፤ ጭን ይቃጠላል፣ ጉልበት ይጣመማል። ቀላል ቦታ የምንፈልገው ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ጀማሪው ያለችው አንድ ፍሬን የምትሠራለት እዚያ ስለሆነ ነው።

ሌሎች ነገሮች

ስኪ በኪራይ ውሰዱ። ኪራይ ቤቱ ክብደትና ቁመት ይጠይቃል፤ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ የሚስተካከለው በዚያ ነው። ስትወድቁ ማሰሪያው ተከፍቶ እግራችሁን መልቀቅ አለበት። እዚህ ላይ ክብደቱን ቀንሶ የሚናገር አለ፤ ስም አልጠራም። ክብደት የተዋሸበት ማሰሪያ ያለ ጊዜው ይከፈታል፤ ተጨምሮ ከተነገረ ደግሞ ሲያስፈልግ አይከፈትም። ለሠራተኛው በጆሮውም ቢሆን እውነቱን ንገሩት።

በጣልያን የራስ ቁር ግዴታ ነው። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፍል ኢንሹራንስ ሳይዙ መንሸራተት አይቻልም፤ ከቲኬቱ ጋር የሚሸጡም አሉ። ከኢትዮጵያ ለጉብኝት ለሚመጣ ወላጅ ለሸንገን ቪዛ ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ የጤና ኢንሹራንስ ይገዛል። ያ ውል የበረዶ ስፖርትንና ከተራራ ላይ የማንሳት አገልግሎትን ይሸፍን እንደሆነ አንብቡ፤ የማይሸፍን ሊሆን ይችላል። ሄሊኮፕተር ርካሽ አይደለም። የአደጋ ጥሪ ቁጥሩ በመላው የአውሮፓ ኅብረት 112 ነው።

መንገድ ላይ ቅድሚያ ያለው ከታች ያለው ሰው ነው። ከላይ የሚመጣው ነው መንገዱን የሚመርጠው፤ ስለዚህ የሚጠነቀቀውም እሱ ነው። ይህን ለጀማሪ ስትነግሩት ትከሻው ዘና ይላል፤ ከኋላው ስለሚመጣው መጨነቅ ያቆማል። ለማረፍ ግን መሐል ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ይቁም።

ጊዜውንም አስቡበት። እኛ የሄድነው ከገናችን በኋላ ነው። የአውሮፓ በዓል አልፎ ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ የየካቲቱ ዕረፍት ገና አልደረሰም። ተራራው ጸጥ ይላል፣ ማረፊያውም ይረክሳል። የነቢያት ጾም ተፈቷል፤ ሁዳዴ አልገባም። ለጾመኛ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተራራ ምግብ ማለት አይብና ቅቤ ማለት ነው። ረቡዕና ዓርብ እናቴና እህቴ ስፓጌቲ በቲማቲም በልተው ዋሉ። ሾርባ ስታዙ ግን የሥጋ መረቅ እንዳለበት ጠይቁ።

ከሰዓት ደግሞ ረፋዱ ይመረጣል። በጥር ማለዳው ይበርዳል፤ በረዶው ይጠነክራል፣ ያንሸራትታል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ይለሰልሳል። ምሳ ከተበላ በኋላ አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ይበቃል። “አንዴ ብቻ፣ የመጨረሻ” የምትባለውን ዙር ደክሟችሁ ከሆነ ተዉአት።

ስኪ የማይፈልግ ሰው በቤተሰቡ ካለ ቦታው ለእሱም መሆን አለበት። አልፔ ዲ ሲውሲን የመረጥኩበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው። ለእግረኛ የተጠረጉ የበረዶ መንገዶች አሉ፤ በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ አለ፤ ጎንዶላው ተንሸራታቹንም እግረኛውንም አንድ ቦታ ያወርዳል። ቁልቁለት የማይወድ ደግሞ በሜዳ ላይ የሚኬደውን ስኪ ይሞክር። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ የተወዳደረው በዚህኛው ነው። በቱሪን ሲሰለፍ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበር። ትልቋ የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ለመጨረሻው ቀን ያንን ስኪ ተከራየች።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሰዓት። ሊፍቶች በጥር አመሻሽ ላይ ቀድመው ይዘጋሉ፤ ቤተሰብ ደግሞ ተራራ ላይ ይበታተናል። ከመበታተን በፊት መገናኛ ቦታና ሰዓት ይወሰን። እኛ የቀጠርነው ጎንዶላው በር ላይ ነበር። ለእህቴ ልጆች “4 ሰዓት” አልኳቸው። ለእናቴ ግን “10 ሰዓት” አልኳት፤ በእሷ አቆጣጠር 4 ሰዓት ረፋድ ነው። በአንድ ቃል ብነግራቸው ኖሮ አያትና የልጅ ልጆች በስድስት ሰዓት ልዩነት ይጠባበቁ ነበር። ቀጠሮው ሲደርስ እናቴ ቀድማ ተገኝታለች፤ በቴርሞስ ሻይ ይዛ።